በሀዋሳ ስለ ወጣቶችና ወንጀል የመመረቂያ ጥናት ለመንደፍ፦ ከማን፣ ምን ልጠይቅ?

ተመራቂ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ሀዋሳ የሶሲዮሎጂ ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ «በሀዋሳ ከተማ የወጣቶች ወንጀል መንስኤዎችና መፍትሔዎች» የሚል ርዕስ ይዤ ፕሮፖዛል አቅርቤ ነበር። አማካሪዬ ግን ርዕሱ እጅግ ሰፊ መሆኑንና ከማን ምን ዓይነት መረጃ እንደምሰበስብ በግልጽ አለማሳየቴን ገልጸው፣ አሻሽዬ እንድመለስ ነግረውኛል።

ያሰብኩት በማረሚያ ቤት ከሚገኙ ወጣት ታራሚዎች መካከል በያማኔ ቀመር (የናሙና መጠን ማስያ ነው) ናሙና ወስጄ መጠይቅ ለማስሞላት፣ ከፖሊስ ጣቢያዎች የአሥር ዓመት የወንጀል መዝገብ ለማሰባሰብ፣ በመጨረሻም ከፖሊስ አባላት፣ ከወላጆችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር የቡድን ውይይት ለማድረግ ነው። ተወልጄ ያደግሁት በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ስለሆነ ጉዳዩ ለእኔ ከወረቀት በላይ ነው። ከማውቃቸው ልጆች መካከል በስልክ ነጠቃ ተከሰው የታሰሩ አሉ፤ ከእነርሱ ጋር በአንድ ግቢ ያደጉና በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ሆነው ዛሬ ሥራ ይዘው የሚኖሩም አሉ። ይህን ልዩነት ምን እንዳመጣው ማወቅ እፈልጋለሁ።

በየትኛው የዕድሜ ክልል ላይ ላተኩር? የፖሊስ መዝገብ ምን ያህል ያስተማምናል? አንድን ወጣት ስለፈጸመው ጥፋት ሳላስፈራውና ችግር ላይ ሳልጥለው እንዴት መጠየቅ እችላለሁ? ልምዱ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የምርምር ዘዴ መምህር

እህቴ፣ በጽሑፍሽ ውስጥ ከርዕሱ ይልቅ ዋጋ ያለው ስለ ሠፈርሽ ልጆች ያነሳሽው ሐሳብ ነው። በአንድ ግቢ ካደጉት ልጆች አንዱ ሲታሰር ሌላው ለምን አልታሰረም ብሎ መጠየቅ ሁለቱንም ወገኖች ማየትን ግድ ይላል፤ ያቀረብሽው ንድፍ ግን የሚያየው የታሰሩትን ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል መጠይቁን ከሞሉ ታራሚዎች 70 በመቶው «ጓደኛ ገፋፍቶኝ ነው»፣ 60 በመቶው ደግሞ «ሥራ አልነበረኝም» ብለው መለሱልሽ እንበል። ካልታሰሩት እኩዮቻቸውም መካከል 70 በመቶው እንዲሁ ዓይነት ጓደኞች ያሏቸው፣ 60 በመቶውም ሥራ አጥ ሆነው ቢገኙ፣ ጓደኛም ሆነ ሥራ አጥነት ልዩነቱን አላመጡትም ማለት ነው። ታራሚዎችን ብቻ ጠይቀሽ ይህን የምታውቂበት መንገድ የለም። በየዓመቱ ከማነባቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ የቤተሰብ መፍረስ፣ የጓደኛ ግፊትና ድህነት ዋና ዋና መንስኤዎች ሆነው ተገኝተዋል ብለው የሚደመድሙት፣ ጥናቱ ሲነደፍ ሌላ ውጤት ሊያስገኝ በማይችል መንገድ ስለተነደፈ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ተማሪዎቹ የሚደክሙት ድካም እውነተኛ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ከማረሚያ ቤት ወጥተሽ ጥፋት የፈጸሙትም ያልፈጸሙትም አብረው ወደሚገኙበት ቦታ እንድትሄጂ ነው። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ትራቪስ ሂርሺ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት ያደረገው ይህንኑ ነው። ሰዎች ለምን ወንጀል ይፈጽማሉ ከማለት ይልቅ አብዛኞቻችን ለምን አንፈጽምም ብሎ በመነሣት፣ በካሊፎርኒያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ራሳቸው ስለፈጸሙት ጥፋት በመጠይቅ የሰጡትን መልስ ተጠቀመ። ከወላጅና ከመምህር ጋር ያለ ቁርኝት፣ ለወደፊት ሕይወት የተያዘ ዓላማ፣ በሥራና በትምህርት መጠመድ፣ በሕግ ተገቢነት ማመን የሚሉት፣ ሰውን ከጥፋት ይይዛሉ ያላቸው አራቱ ማሰሪያዎች በመጠይቅ ሊለኩ የሚችሉ ናቸው። ሌላው ሶሲዮሎጂስት ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1938 ያቀረበው፣ ኅብረተሰቡ በሚያስመኘው ግብና ግቡ ላይ በሚያደርሱ ሕጋዊ መንገዶች መካከል ስላለው ክፍተት የሚናገረው ሐሳብም ለከተማችን ይስማማል፤ ከገጠር መጥቶ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ዙሪያ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ወጣት የሚመኘውንና የሚያገኘውን ማነጻጸር ትልቅ ጥናት ይወጣዋል። ሁለቱን ግን አብረሽ አትያዣቸው። አንዱን መርጠሽ ከእርሱ አንድ ወይም ሁለት መላምት አውጪ።

ዕድሜን በተመለከተ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት የተለየ ሥርዓት ያበጃል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትን እንደ አዋቂ እየዳኘ ቅጣቱን ሊያቀልላቸው ይችላል። የ16 ዓመት ተማሪንና የ28 ዓመት የቤተሰብ ኃላፊን በአንድ ናሙና ከቀላቀልሽ ስለ ማን እንደምትናገሪ አይታወቅም። ከ15 እስከ 18 ያለው ዕድሜ ለጥያቄሽ የተሻለ ይመስለኛል፤ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል፣ ወይም የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን ብትይዢ ይበቃሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ወንጀልን ከብሔር ወይም «ከመጤ» ጋር የሚያያይዝ ትንታኔ ውስጥ እንዳትገቢ። ሾውና ማኬይ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1942 ስለ ቺካጎ ባሳተሙት ጥናት፣ በአንዳንድ ሠፈሮች የሚኖሩት ስደተኞች ከአንዱ አገር ሕዝብ ወደ ሌላው ሲቀያየሩ እንኳ የወጣቶች ጥፋት መጠን በሠፈሩ ከፍተኛ ሆኖ እንደቀጠለ አሳይተዋል። የሚመረመረው የሠፈሩ ኑሮ ነው።

የቀድሞ መርማሪ

መምህሩ በተናገሩት እስማማለሁ። እኔ ለረጅም ጊዜ በወንጀል ምርመራ ሥራ ላይ የነበርኩ ስለሆነ ስለ መዝገቡ ብቻ ልናገር።

የፖሊስ መዝገብ የሚነግርሽ በከተማው የተፈጸመውን ወንጀል ሁሉ ሳይሆን ለፖሊስ የደረሰውንና ፖሊስ የመዘገበውን ነው። ማታ ከሥራ ሲመለስ ስልኩን የተነጠቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሲም ካርዱን አዘግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መታወቂያው አብሮ ከሄደበት ሌላ ለማውጣት ማስረጃ ስለሚያስፈልገው ወደ ጣቢያ ይመጣል፤ ያን ጊዜም ክርክርና ምልልስ እንዳይበዛበት «ጠፍቶብኝ ነው» ብሎ የሚያስመዘግብ አለ። በወንጀል ሕጉ ውስጥ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች ስላሉ፣ ተበዳዩ አቤቱታ ካላቀረበ ክስ አይኖርም። በሲዳማ ባህል ደግሞ በሶንጎ ሽማግሌዎች ፊት በአፊኒ ሥርዓት ታይቶ፣ እውነቱ ተጣርቶ በካሳና በዕርቅ የሚያልቅ ጉዳይ አለ። በተለይ አጥፊው የጎረቤት ልጅ ከሆነ ጉዳዩ ጣቢያ ሳይደርስ ይቀራል። በዚህም ምክንያት በመዝገብ ላይ ብዙ ጥፋት የሚታይበት ሠፈር፣ ምናልባት ሽምግልናው የላላበት ወይም ፖሊስ አዘውትሮ የሚዞርበት ሠፈር ሊሆን ይችላል።

ዕድሜም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሥራ ላይ የዋለው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ በወጣትነት ዕድሜ ላይ ያሉት ሁሉ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ በፎርሙ ላይ የሚሰፍረው ዕድሜ ብዙ ጊዜ ተጠርጣሪው ወይም ቤተሰቡ የተናገረው፣ ካልሆነም በሐኪም የተገመተው ነው። መዝገቡን በዕድሜ ብትደረድሪው 18፣ 20 እና 25 ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ብታገኚው አይድነቅሽ። በተጨማሪም ሲዳማ ክልል ሆኖ የተደራጀው በ2012 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉትን ዓመታት ከማነጻጸርሽ በፊት የፎርሙ ዓይነት፣ የጣቢያዎቹ ወሰንና የወንጀሎቹ አመዳደብ አንድ መሆኑን አረጋግጪ። ካልሆነ አስተዳደራዊ ለውጡን የወንጀል መጨመር ወይም መቀነስ አድርገሽ ልትጽፊው ነው።

ሁለት ነገሮችን አደራ እላለሁ። በማረፊያ ቤት ያለ ተጠርጣሪ ጥፋተኛ አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ጥፋተኛ ተብሎ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው። ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለን ልጅ «ለምን አደረግኸው?» ብሎ መጠየቅ መብቱን መንካት ነው፤ ጠባቂው በአጠገቡ ቆሞ እየሰማም የሚሰጠው ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። ሁለተኛው አንቺን ይመለከታል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 መሠረት በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም የፈጸመውን ሰው እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ለሚመለከተው አካል ያላስታወቀ ሰው ይጠየቃል። ተመራማሪ መሆን ከዚህ ነጻ አያወጣም። በመሆኑም መጠይቅሽ የሰው ስም፣ ቦታና ቀን የሚጠራ ዝርዝር እንዳይጠይቅ አድርጊ፤ የማትጠብቂውን ምስጢር እጠብቃለሁ ብለሽም ቃል አትግቢ።

የመስክ መረጃ ሰብሳቢ

በመምህሩ ምክር ላይ አንድ የማልስማማበት ነጥብ አለኝ። መምህር፣ ናሙናው ከትምህርት ቤት ብቻ ከሆነ ትምህርት ያቋረጡት በሙሉ ከጥናቱ ይወጣሉ፤ እነርሱ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ዋናዎቹ ናቸው። በማለዳ በሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ የሚያጸዱ፣ በመናኸሪያ ዙሪያ ሻንጣ የሚሸከሙ፣ ሊስትሮ የሚሠሩና ባጃጅ የሚያጥቡ ልጆች በየትኛውም የክፍል ስም መጥሪያ ላይ አይገኙም። እነዚህን ያላካተተ ጥናት ስለ «ሀዋሳ ወጣቶች» ሳይሆን ስለ ሀዋሳ ተማሪዎች ነው የሚናገረው። ጊዜና ገንዘብ ካነሰ ቢያንስ ወጣቶቹ የሚውሉባቸውን ቦታዎችና ሰዓቶች ዘርዝሮ፣ ከዝርዝሩ በዕጣ መርጦ፣ ከእነርሱ ጋር ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ማድረግ ይቻላል። ጠዋት የሚገኙትና ማታ የሚገኙት ልጆች የተለያዩ ስለሆኑ ሰዓቱ ከቦታው እኩል ዋጋ አለው።

አሁን ወደ አጠያየቁ ልምጣ። «ሰርቀህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ ልጁን ሌባ ነህ ብሎ እንደመፈረጅ ነው፤ መልሱም ገና ሳይጠየቅ ይታወቃል። «ካለፈው ፍቼ ጫምባላላ ወዲህ፣ የአንተ ያልሆነ ዕቃ ባለቤቱ ሳያውቅ ወስደህ ታውቃለህ? ከወሰድህ ስንት ጊዜ?» ብትይው ድርጊቱን ብቻ ትጠይቂዋለሽ፤ ጊዜውንም ሁሉም በሚያውቀው በዓል ታስሪለታለሽ። «ባለፉት 12 ወራት» የሚለውን ብዙዎች «በቅርቡ» ብለው ነው የሚረዱት። የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተልም ትርጉም አለው። ስለ ውሎ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ትርፍ ጊዜ ጀምረሽ፣ ቀጥሎ በእርሱ ላይ ስለደረሰ ነጠቃና ድብደባ ጠይቂ፤ እርሱ የፈጸመው በመጨረሻ ይምጣ። የሚያጠቁትና የሚጠቁት ወጣቶች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ሰዎች መሆናቸው በተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ የታየ ነገር ስለሆነ፣ ስለ ተበዳይነት የምታገኚው መልስ ራሱን የቻለ ውጤት ይሆንሻል።

በክፍል ውስጥ ስታስሞዪ መምህር ወይም ዩኒት ሊደር እንዳይገባ አድርጊ። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና የክፍል ተራ ቁጥር አይጻፍ፤ ወረቀቱንም ተማሪው ራሱ አጥፎ ቀዳዳ ባለው የታሸገ ካርቶን ውስጥ ይክተተው። ወረቀቱን በእጅሽ ከተቀበልሽው ልጁ ዓይንሽን እያየ ነው የሚሰጥሽ፤ የሚቀጥለው ተማሪም ይህን አይቶ መልሱን ይለውጣል።

በጣም ከባድ የሆነ አንድ ጥያቄ ካለሽ ስታንሊ ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1965 ካስተዋወቀው ዘዴ የተገኘውን የሳንቲም አጠያየቅ ሞክሪ። እያንዳንዱ ተማሪ ማንም ሳያየው ሳንቲም ይወረውራል፤ አንበሳው ከወጣ እውነቱ ምንም ይሁን ምን «አዎ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ገጽ ከወጣ እውነቱን ይጽፋል። 200 ተማሪዎች ጠይቀሽ 130 «አዎ» ብታገኚ፣ 100 ያህሉ በሳንቲሙ ግዴታ የተጻፉ ናቸው፤ እውነቱን ከጻፉት 100 ተማሪዎች 30ዎቹ «አዎ» ብለዋል ማለት ስለሆነ ግምትሽ 30 በመቶ ይሆናል። የማንኛውም ልጅ ወረቀት ቢታይ ምንም አያጋልጠውም። ጉድለቱ ግምቱ ሰፊ ስሕተት የሚሸከም መሆኑና የየግለሰቡን መልስ ከቤተሰቡ ሁኔታ ጋር ለማዛመድ የማይመች መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ጥያቄ ብቻ ተጠቀሚበት።

ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑት የወላጅ ፈቃድም የልጁ ፈቃድም ያስፈልጋል። ለወላጅ በሚላከው ደብዳቤ ላይ መጠይቁ ስለ ሕግና ደንብ መተላለፍ የሚጠይቅ ክፍል እንዳለው በግልጽ ጻፊ፤ ወላጁ የልጁን መልስ ማየት እንደማይችልም ከዚያው ጋር ይገለጽ። ልጁ ቤት ውስጥ ስለሚደርስበት ጥቃት ቢነግርሽ ወዴት እንደምትመሪው ደግሞ መስክ ሳትወጪ በፊት ከአማካሪሽ ጋር ወስኚ።

ተመራቂ ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት ጥያቄዬን እንዲህ አጥብቤዋለሁ፦ በሀዋሳ ከተማ ከ15 እስከ 18 ዓመት ባሉ ወጣቶች ዘንድ፣ አዋቂ በሌለበት ከእኩዮች ጋር የሚያልፍ የምሽት ጊዜ ራሳቸው ከሚናገሩት የሕግ መተላለፍ ጋር ምን ግንኙነት አለው? ወላጆች ልጃቸው የት እንደሚያመሽ ማወቃቸውስ ግንኙነቱን ይለውጠዋል ወይ? ከሂርሺ ቁርኝትንና መጠመድን ብቻ እወስዳለሁ። መጠይቁን በሁለት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በ10ኛና በ11ኛ ክፍል ላስሞላ አስቤአለሁ። ትምህርት ካቋረጡት ጋር ደግሞ ጥቂት ቃለ መጠይቆች አደርጋለሁ። የፖሊስ መዝገቡን ለዳራ ብቻ እጠቀምበታለሁ።

ሁለት ጥያቄዎች ቀርተውኛል። በሁለቱ ትምህርት ቤቶች 1,200 ተማሪዎች አሉ ብል ያማኔ 300 ይሰጠኛል፤ ስድስት ክፍሎችን እንዳሉ መውሰድ ይቀለኛል፣ ያዋጣል? ከዚህ ሌላ መጠይቁ በአማርኛ ብቻ ቢሆን ይበቃል?

የምርምር ዘዴ መምህር

ይህ ጥናት ነው፤ ደስ ብሎኛል። ትምህርት ስላቋረጡት ወጣቶች የተሰነዘረውን አስተያየትም ተቀብያለሁ። ሆኖም የቃለ መጠይቁን ግኝት ከመጠይቁ መቶኛ ጋር አንድ ላይ አትደምሪ፤ ለብቻው ይጻፍ።

ስሌትሽ ትክክል ነው፤ በ5 በመቶ የስሕተት መጠን የቀመሩ አካፋይ (1 + 1,200 × 0.05²) 4 ስለሆነ፣ 1,200 ለ4 ሲካፈል 300 ይሆናል። ነገር ግን ቀመሩ እያንዳንዱ ተማሪ በዕጣ እንደሚመረጥ አድርጎ የሚያስብ ነው። በአንድ ክፍል የሚማሩ ልጆች የሚያመሹበትም፣ የሚጋጩትም፣ አንዳንዴ የሚያጠፉትም አብረው ስለሆነ መልሳቸው ይመሳሰላል፤ ስድስት ክፍሎችን በሙሉ ብትወስጂ 300 ወረቀት ይዘሽ የ300 ሰው ያህል መረጃ አይኖርሽም። 50 ተማሪ የያዙ 24 ክፍሎች ካሉ ከየክፍሉ 12 ወይም 13 ተማሪ በዕጣ ማውጣት ይሻላል። ድካሙ ይበዛል፤ ውጤቱ ግን ይታመናል።

ቁጥሩን በሌላ በኩልም እዪው። ስልክ ነጥቄ አውቃለሁ የሚሉት 10 በመቶ ቢሆኑ 30 ሰዎች ናቸው፤ እነርሱን በጾታና ወላጅ የሚያመሹበትን በማወቁ ወይም ባለማወቁ ለአራት ብትከፍያቸው በየመደቡ ሰባት ስምንት ሰው ይቀርሻል። ከዚህ ምንም መናገር አይቻልም። ስለዚህ ከቀላሉ እስከ ከባዱ ያሉ ድርጊቶችን፣ ማለትም ድብድብን፣ የሰው ንብረት ማበላሸትን፣ ጥቃቅን ስርቆትን፣ ስለት ይዞ መንቀሳቀስንና ነጠቃን አብረሽ ጠይቂና የድርጊቶቹን ዓይነት ብዛት እንደ መለኪያ ውሰጂ።

የመስክ መረጃ ሰብሳቢ

ስለ ቋንቋው፣ በአማርኛ ብቻ መሆኑ አይበቃም። በቤቱ ሲዳምኛ የሚናገር ተማሪ የአማርኛውን መጠይቅ ሊያነበው ይችላል፤ ስለ ቤተሰቡና ስለ ራሱ ጥፋት ሲጠየቅ ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢሆን በደንብ ይገባዋል። ሁለቱንም ቅጂ አዘጋጅተሽ ተማሪው ይምረጥ። የሲዳምኛውን ቅጂ አንድ ሰው ይተርጉመው፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ አማርኛ ይመልሰው፤ ሁለቱ የተለያዩበትን ቦታ ቁጭ ብላችሁ አስተካክሉ። ለቃለ መጠይቁም ወላይትኛ የሚናገር ረዳት ማግኘት ከቻልሽ በመናኸሪያ አካባቢ በጣም ይጠቅምሻል።

የሙከራ መጠይቁን ከመረጥሻቸው ሁለት ትምህርት ቤቶች ውጭ በሆነ በሌላ ትምህርት ቤት አድርጊው፤ ጥያቄዎቹ በአንድ የእረፍት ሰዓት ከክፍል ወደ ክፍል ስለሚዳረሱ። በዋናው ሥራ ጊዜም በአንዱ ትምህርት ቤት ያሉትን ክፍሎች በሙሉ በአንድ ቀን፣ ቢቻል በተመሳሳይ ክፍለ ጊዜ እንዲሞሉ ከርዕሰ መምህሩ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ለዚህ የሚረዱሽ የክፍል ጓደኞችሽ ካሉ ለሁሉም አንድ ዓይነት የመግቢያ ንግግር ጽፈሽ ስጪያቸውና ቃል በቃል እንዲያነቡት አድርጊ።